ከባድ ማባበያ ስትወረውሩ የትኛው ጓንት ይሻላል? በደቻቱ አሸዋና በጅቡቲ ባሕር የተሞከረ

ድሬዳዋ ተቀምጦ ስለ አሳ ማጥመጃ ጓንት የሚጽፍ ሰው ይሳቅበታል። አውቃለሁ። ደቻቱ ክረምት ላይ ለጥቂት ሰዓት ወንዝ ይሆንና ተመልሶ አሸዋ ነው። ሐረማያም አንዴ ደርቆ የተመለሰ ሐይቅ ስለሆነ ማንም አያምነውም። ግን አቦ፣ ድሬ የባቡር ልጅ ናት። በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ባይደርስ ከተማዋም የለችም፣ የዚያ ሐዲድ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ባሕር ነው። ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። እዚያ የሚሰራ የሰፈር ልጅ ካላችሁ ዓመት በዓል ሲደርስ የአሳ ማጥመጃ ዘንግ ተሸክሞ መሄድ ያን ያህል እብደት አይደለም።

እኔም እንደዚያ ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያው ቀን ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ 100 ግራም የሚመዝን፣ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ቀለም የተቀባ የእንጨት አሳ፣ ማባበያ የሚሉትን፣ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ስወረውር ዋልኩ። አብሮኝ የነበረው ልጅ ጓንት ሲሰጠኝ «ተወው ባክህ» አልኩት። ጓንት የሚያደርግ ሰው ለእኔ ወይ በያጅ ነው ወይ ሙሽራ። ሁለት ሰዓት ያህል ምንም አልሆንኩም። ከዚያ አንዱ ውርወራ ላይ ክሩ ከጣቴ ስር ሸርተት አለ። አላመመኝም። ሪሉን፣ ክሩ የሚጠመጠምበትን መዘውር፣ ሳጠነጥን ግን ክሩ ቀልቷል። ሌባ ጣቴ መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ በምላጭ እንደተሰነጠቀ ቀጥ ብሎ ተከፍቷል። የባሕሩ ውሃ ሲነካው የማውቀውን ቋንቋ ሁሉ ተናገርኩ። ድሬ ያደገ ሰው የሚያውቀው ቋንቋ ደግሞ ብዙ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ጓንት ሁሉ ሞክሬያለሁ። አብዛኛውን የሞከርኩት እዚሁ ደቻቱ አሸዋ ላይ ነው፤ መንጠቆውን አውልቄ፣ ቁራጭ እርሳስ አስሬ፣ አሸዋው ላይ ያለ አንድ ጎማ እያነጣጠርኩ። ልጆች ይሰበሰባሉ። አንዱ «ጋሼ፣ አሸዋ ውስጥ አሳ አለ እንዴ?» ብሎኝ ያውቃል። እናንተም ለመለማመድ ካሰባችሁ ሁለት ነገር አትርሱ። ልጆቹን ከኋላችሁም ከፊታችሁም አርቁ፣ 100 ግራም እርሳስ ክር በጥሶ ከሄደ ጥይት ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ደቻቱ ውስጥ አትቁሙ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፣ ዝናቡ የሚዘንበው ላይኛው ተራራ ላይ ስለሆነ ከተማው ላይ ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለም ሊመጣ ይችላል።

መጀመሪያ ምን እንደሚጎዳችሁ እወቁ

ሰው ጓንት ሲመርጥ «እጄን ይጠብቅልኝ» ይላል። የእጃችሁን የት? የሚጎዱ ቦታዎች ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም የተለያየ ነገር ይፈልጋሉ።

ዋናው ሌባ ጣት ነው። በተለመደው ሪል ስትወረውሩ ክሩን ወደ ሪሉ የሚመራውን የሽቦ ቀስት ትከፍቱና ክሩን በሌባ ጣታችሁ ጫፍ ትይዛላችሁ፤ ዘንጉ ወደ ፊት ሲወናጨፍ በትክክለኛዋ ቅጽበት ትለቁታላችሁ። ማባበያው 100 ግራም ብቻ ነው፣ ሩብ ኪሎ ስኳር እንኳ አይሞላም። ግን በሙሉ ጉልበት ሲወናጨፍ እዚያች ጣት ላይ የሚያርፈው ጥቂት ኪሎ ነው። ሦስት ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን በስፌት ክር አንጠልጥላችሁ በአንድ ጣት ያዙትና አስቡት። እሱንም በቀን መቶ፣ ሁለት መቶ ጊዜ። የድሮው ናይለን ክር ወፈር ያለና የሚለጠጥ ስለሆነ ይህን ያህል አይከፋም። አሁን ሁሉም የሚጠቀመው ብሬድ የሚሉት ጉንጉን ክር ግን ቀጭን ነው፣ አይለጠጥም፣ ላዩም እንደ ሞረድ ይፈገፍጋል።

ሁለተኛው መዳፍ ነው። ዘንጉን ቀኑን ሙሉ ጨብጦ መዋል፣ ሪል ማጠንጠን፣ ላብ፣ ጨው። እዚህ ያለው አደጋ መቆረጥ ሳይሆን ውሃ መቋጠር ነው። አካፋ ይዞ የሚውል ሰው እጁ መጅ ስላወጣ ይህን ላያውቀው ይችላል። እንደ እኔ ኮምፒውተር ላይ የሚውል ሰው በሁለተኛው ቀን ማንኪያ መያዝ ያቅተዋል።

ሦስተኛው አሳው ራሱ ነው፣ ከነመንጠቆው። ይሄ በመወርወሪያው እጅ ሳይሆን በሌላኛው የሚሰራ ሥራ ስለሆነ ለብቻው እመጣበታለሁ። ሦስቱንም በአንድ ጓንት እሸፍናለሁ የሚል ሰው ወይ ሻጭ ነው ወይ ወርውሮ አያውቅም።

ጓንት ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት በነጻ የሚሰሩ ነገሮች አሉ

እኔን የቆረጠኝ ጓንት ማጣቴ ብቻ አልነበረም። የሪሉ ፍሬን ላልቶ ነበር። ፍሬን ማለቴ አሳው ሲጎትት ክሩን እየለቀቀ እንዳይበጠስ የሚያደርገው ነው። ስትወረውሩ ፍሬኑ የላላ ከሆነ ክሩ ጣታችሁ ላይ ቆሞ መያዝ ሲገባው ይንሸራተታል። የቆመ ክር ይጫናል እንጂ አይቆርጥም፣ የሚንሸራተት ክር ግን መጋዝ ነው። ስለዚህ ከመወርወራችሁ በፊት ክሩን በእጅ ሳብ አድርጋችሁ ፍሬኑን ፈትሹ፣ ካስፈለገ ጥብቅ አድርጉት፣ ማባበያው ውሃ ከነካ በኋላ መልሳችሁ ታላሉታላችሁ። ይህን ብቻ ባውቅ ኖሮ ጣቴ ሦስት ሳምንት ታስሮ አይከርምም ነበር።

ሌላው ወፍራም መሪ ክር ነው። ከጉንጉኑ ክር ፊት ወፍራም ናይለን ትቀጥላላችሁ። ርዝመቱ በዘንጉ ልክ ወርዶ ሪሉ ላይ ጥቂት ዙር እስኪጠመጠም ይሁን፤ ያኔ ስትወረውሩ ጣታችሁ የሚነካው ናይለኑን ነው። ከባሕር ዳር ከባድ እርሳስ የሚወረውሩ ሰዎች የቆየ ስሌት አላቸው፣ ለእያንዳንዱ 28 ግራም 4.5 ኪሎ የሚችል ናይለን። ለ100 ግራም 16 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ቋጠሮው ጣታችሁ የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንዳይውል ብቻ አስተውሉ፣ ቋጠሮ ሲያልፍ ሥጋ ይዞ ነው የሚያልፈው። ጉዳቱ፣ ውሃ ላይ እየዘለለ የሚሰራ ማባበያ ለሚጠቀም ሰው ረጅም ወፍራም ናይለን ውርወራውን ያሳጥርበታል፣ ቋጠሮውም በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ በተመላለሰ ቁጥር ይደክማል። ያ ሰው አጭር መሪ ያስራል፣ ጣቱ ጉንጉኑ ክር ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ ጓንት ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ጓንቶቹ

ከርካሹ እንጀምር። ፕላስተር። የጨርቁን ማለቴ ነው፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን ሰፊ ጥቅል፤ ላስቲክ መሳዩ በላብ ወዲያው ይላቀቃል። ሌባ ጣታችሁ ላይ ሦስት ዙር ትጠመጥማላችሁ፣ መታጠፊያው ላይ ላላ አድርጋችሁ። ይሰራል። የክሩ ስሜት አይጠፋባችሁም፣ መልቀቂያዋን ቅጽበት ታውቋታላችሁ። ችግሩ ሲረጥብ ዳሩ መነሳቱ ነው፣ የተነሳው ዳር ላይ ሙጫው ይወጣል፣ ክሩ ሙጫው ላይ ይያዛል፣ ማባበያው ዘግይቶ ይለቀቅና እግራችሁ ስር ድንጋይ ላይ ይፈነዳል። አንድ የእንጨት አሳዬን ለሁለት የከፈልኩት እንደዚህ ነው። ለግማሽ ቀን ፕላስተር ይበቃል። ጥቅሉን ኪስ ውስጥ መያዝ ደግሞ ምንም ጓንት ቢኖራችሁ አይከፋም።

ከፊራና ታይዋን በሚባሉት የድሬ ገበያዎች፣ በየእቃ መሸጫው እንደ ጉድ የሚሸጠው የግንበኛ ጓንት ነው፣ ጀርባው ሹራብ፣ መዳፉ ጎማ የተነከረ። ርካሽ ነው፣ ለመዳፍ በጣም ጥሩ ነው። ለመወርወር ግን አይሆንም! ያ ሸካራ ጎማ የተሰራው ነገር እንዳይንሸራተት ነው፣ እናንተ ደግሞ ክሩ በቅጽበት እንዲለቃችሁ ነው የምትፈልጉት። በእሱ ስወረውር ከአምስት አንዱ ወደ ግራ ይሄድብኛል። ከዚሁ ዘር ለስላሳ ሽፋን ያለው፣ ናይትራይል የሚሉት ይሻላል፣ ቀጠን ይላል፣ ክሩንም አይዝም።

እግረ መንገዴን፣ እነዚህ ጓንቶች ጀርባ ላይ መዶሻ የተሳለባት ትንሽ ምልክት፣ ከስሯም «ኢኤን 388» የሚባል የአውሮፓ ደረጃ ቁጥሮች አሉ። ሰው አያያትም። አራቱ ቁጥሮች በቅደም ተከተል ፍትጊያ፣ መቆረጥ፣ መቀደድና መወጋት ናቸው፤ ከፍ ያለ ቁጥር ይሻላል፣ ኤክስ ፊደል ካለ አልተፈተነም ማለት ነው። አዳዲሶቹ ላይ ከኋላ ከኤ እስከ ኤፍ የሚሄድ ፊደል ይጨመራል፣ እሱም የመቆረጥ ነው። ለእኛ የመጀመሪያዋ ቁጥር ዋናዋ ናት፣ ክር የሚጎዳው እየፈተገ ነውና። አራተኛዋን አይታችሁ ግን «መንጠቆ አይበሳውም» እንዳትሉ። ፈተናው የሚደረገው እንደ መንጠቆ ባልቀጠነ ብረት ነው። ምልክቱ ላይ የተጻፈው እውነት ስለመሆኑም እጄን አልሰጥም፣ የገበያችንን እቃ ታውቁታላችሁ።

«ቢላ አይቆርጠውም» ተብሎ የሚሸጠው ግራጫ ሹራብ ጓንት ብዙ ሰው ያታልላል። እኔንም አታሏል። እውነትም ቢላ ይችላል። ግን ሹራብ ነው፣ ቀዳዳ አለው፣ ክሩ የሹራቡ ዓይን ውስጥ ይገባል። ከዚያ የባሰው መንጠቆው ነው፤ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ሹራብ ውስጥ ከገባ፣ የሹራቡ ክር ደግሞ የማይቆረጥ ከሆነ፣ በምን ታወጡታላችሁ? አንድ ቀን አሳው ሕያው ሆኖ እየተወራጨ ጓንቴና እሱ በአንድ ማባበያ ላይ ተጣምረን ነበር። ቢላ የማይቆርጠው ጓንት ያኔ ነው የሚያስጠላው።

የሞተር ጓንትና የብየዳ ጓንትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፋቸው፦ ወፍራም ናቸው፣ ክሩን አታውቁትም፣ ጅቡቲ በጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሆነ እጃችሁ ይቀቀላል። ጠላቂ ዋናተኞች የሚለብሱት ዓይነት ስፖንጅ መሳይ ጓንትም ለቀዝቃዛ አገር ነው፣ ገንዘባችሁን አታውጡ።

የብስክሌት ጓንት፣ ጣቱ የተቆረጠው፣ ድሬ ውስጥ አይጠፋም። መዳፉ ላይ ስፖንጅ ስላለው ውሃ ለሚቋጥር እጅ መድኃኒት ነው። ልክ እንደዚሁ ጣቱ የተቆረጠ ስስ የፀሐይ ጓንት አለ፣ የእጅን ጀርባ ከመቃጠል ያድናል፣ ባሕር ላይ ፀሐዩ ከላይም ከውሃውም ነው የሚመጣው። ሁለቱም ግን የምትወረውሩባትን ጣት ራቁቷን ይተዋታል። ከሌላ ነገር ጋር ካልተጣመሩ ብቻቸውን መልስ አይደሉም።

እና የጎልፍ ጓንት

ይሄን ያገኘሁት ሰልባጅ ውስጥ ነው። ቦንዳ ሲፈታ ከጎን የሚጣሉ ትንንሽ ነገሮች አሉ፣ ካልሲ፣ ቀበቶ፣ ነጠላ ጓንት። ነጭ፣ እንደ ቆዳ ሁለተኛ ሽፋን የሆነ ስስ ጓንት ሳነሳ ሻጩ «እሱ ነጠላ ነው፣ ጥንዱ የለውም» አለኝ። ጥንድ የለውማ! ጎልፍ ተጫዋች አንድ ብቻ ነው የሚያደርገው። የተሰራውም ከበግ ቆዳ ነው፣ ጸጉራም ከሚባለው፣ ሱፍ ከሌለው በግ። የእኛ አገር በግ ቆዳ ለጓንት በዓለም የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው። ማን ያውቃል፣ ከዚሁ ወጥቶ፣ ዓለምን ዞሮ፣ በቦንዳ ተመልሶ ይሆናል።

ክሩ ሲይዝም ሲለቅም እንደ ባዶ እጅ ነው። ጣቴ ላይ የክሩን መንቀጥቀጥ እሰማለሁ፣ አይቆርጠኝም። አንድ እንቅፋት ብቻ አለ። ቀኝ እጁ የሚቀናው ጎልፍ ተጫዋች ጓንት የሚያደርገው በግራ እጁ ነው። ስለዚህ ሰልባጅ ውስጥ ከምታገኙት አብዛኛው የግራ ነው፣ እናንተ የምትፈልጉት የቀኝ። የቀኙን ለማግኘት ግራኝ የሆነ ተጫዋች የጣለው መገኘት አለበት። (ሐረር ሄዳችሁ «የግራኝ ጓንት አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው ሌላ ግራኝ ነው የሚያስበው።) እኔ ወራት ፈልጌ አላገኘሁም። በመጨረሻ ተናድጄ የግራውን ጓንት ሌባ ጣት በመቀስ ቆርጬ ቀኝ ጣቴ ላይ አጠለቅኩት። ልክ ገባ። ጣት እኮ ከመዳፉ ከተለየ ግራ ቀኝ የለውም።

ከዚያ ነው ነገሩ የገባኝ። ለመወርወር የሚያስፈልገኝ ጓንት አይደለም፣ የአንድ ጣት ቆብ ነው።

ቆቡ ግን ይወልቃል። ስወረውር ከማባበያው ጋር በርሮ ሲሄድ አይቻለሁ። ሐረር ስሄድ መኪና ግርግር ገባሁ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የሚወርደው ልብስ ሰፊዎች ያሉበት ጠባብ መንገድ፣ በስፌት መኪናው ድምፅ የተሰየመው። አንድ አዛውንት ሰፊ ዘንድ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ሁለቴ ጠየቁኝ። «ለአንድ ጣት?» አዎ አባባ። «ለሌላውስ?» ሌላው አያስፈልገውም። ጣቴን በክር ለኩ፣ የበግ ቆዳውን ለስላሳውን ፊት ወደ ውጭ አድርገው አጠፉት፣ ስፌቱን ደግሞ ሳልነግራቸው በጥፍሩ በኩል አዋሉት። እንዲያ ባይሆን ክሩ በየቀኑ ስፌቱን ይበላው ነበር። ከስሩ በእጄ ጀርባ ዞሮ አንጓዬ ላይ የሚታሰር ቀጭን ላስቲክ ቀጠሉበት። ክፍያው የሁለት ማኪያቶ አይሆንም ነበር። እሳቸው ጨረስኩ ብለው አይተውት ሳቁ፣ «ይሄ እንግዲህ የሌባ ጣት ካባ ነው» አሉ።

አሁን የምጠቀመው እሱን ነው፣ ከስሩ ጣቱ የተቆረጠ የብስክሌት ጓንት። ሁለቱ ተደምረው ከአንድ የውጭ የአሳ ማጥመጃ ጓንት ይረክሳሉ፣ ቆቡ ሲያልቅ ደግሞ ቆቡን ብቻ ነው የምቀይረው። ውጭ አገር የሚሰሩት ባለ ሙያ ጓንቶች መጥፎ ናቸው እያልኩ አይደለም። ሌባ ጣቱና አውራ ጣቱ በሰው ሰራሽ ቆዳ የተደረበ፣ ሌሎቹ ሦስት ጣቶች ክፍት የሆነ ዓይነት አለ፣ ሰው ካመጣላችሁ ሳታንገራግሩ ውሰዱት፤ ሰው ሰራሹ ቆዳ ጨው ውሃ ላይ ከበግ ቆዳ ይሻላል። ግን ስትለኩት ጣቱ ጫፍ ላይ ባዶ ቦታ ካለ አይሆንም። ያ ትርፍ ጫፍ ይታጠፋል፣ ክሩን ይነክሳል። ጠበቅ ያለውን ምረጡ፣ ሲለበስ ይሰፋል።

ሪላችሁ ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠው፣ ክሩን በአውራ ጣት የምትገቱበት ዓይነት ከሆነ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ወደ አውራ ጣት አዙሩት። እዚያ መቆረጥ የለም፣ መቃጠል ነው ያለው፣ እየተሽከረከረ ያለ ክር ላይ ጣት ማሳረፍ። ፕላስተርም ይበቃል።

ለሌላኛው እጅ

ከላይ የሰደብኩት የግንበኛ ጓንት እዚህ ንጉሥ ነው። በግራ እጄ የማደርገው እሱን ነው፣ አሳው ከውሃ ሲወጣ ብቻ። የሚያሙለጨልጭ ነገር ይይዛል፣ መንጠቆ ቢገባበት በመቀስ ይቆረጣል፣ ቢጠፋ አያሳዝንም። አዋሽ ወርዳችሁ አምባዛ የምታጠምዱ ከሆነ የጎን ክንፉ ላይ ያለው አጥንት ይወጋል። ጫሞ ድረስ የሄዳችሁ እንደሆነ ነጭ አሳ የጉንጩ ክዳን ዳር ስለታም ነው፣ በጉንጩ በኩል በባዶ እጅ እንዳትገቡ። (ጫሞ ላይ ደግሞ ከጓንት በፊት አዞውን አስቡ።) የባሕሩ ባራኩዳ ጥርስ ላይ ግን ጓንትም አትመኑ፣ ረጅም ጉጠት ያዙ። መንጠቆ ሥጋ ውስጥ ከነጫፉ ከገባም ጓንቱን እየጎተታችሁ አታውጡ፣ በመንጠቆው ዙሪያ ያለውን ጓንት ብቻ ቁረጡና ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የቴታነስ መርፌም ጠይቁ።

እንግዲህ ወደ ግዢው። በዓመት አንዴ ለምትሄዱ ሰዎች ፕላስተርና አንድ ጥንድ የግንበኛ ጓንት ይበቃል፣ ሌላ አታውጡ። ከ40 ግራም በታች የምትወረውሩ ከሆነ ለጣት ምንም አያስፈልግም፣ ፍሬኑን ፈትሹ። ከ80 ግራም በላይ፣ በጉንጉን ክር፣ ሙሉ ቀን ከሆነ ግን የጣት ቆብ ወይም ልክ የሆነ የጎልፍ ጓንት ያስፈልጋችኋል። መካከል ላይ ላላችሁት፣ እጃችሁን እዩት። መጅ ያወጣ እጅ ሌላ፣ የእኔ ዓይነቱ ሌላ።

ቆዳ ከሆነ ከባሕር እንደተመለሳችሁ በጨው አልባ ውሃ እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ እንደ ቋንጣ ይደርቃል። ጥላ ውስጥ፣ ጣታችሁ ላይ እንዳለ ግማሽ ድረስ ይድረቅ፣ ቅርጹን እንዲይዝ። ትንሽ ቅባት ቀቡት። የእኔን በር ላይ ባለው የልብስ ገመድ ሰቅዬው ጎረቤቴ እማማ አይተውት «ልጄ፣ የአንድ ጣት ካልሲ ደግሞ መጣ?» ብለውኛል።